ሞተር ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩን ማስማማት

ሞተር አስቀይሮ መኪናው እምቢ ያለው ሰው ወደ እኔ ሲመጣ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ቺፑን ፕሮግራም አድርግልኝ።» ቺፑ ተበላሽቷል ብሎ የነገረው ሞተሩን ያወረደው መካኒክ ነው፤ ወይ ሞተሩን የሸጠለት፤ ወይ ጎረቤቱ። እኔ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሞተር አላወርድም፣ አልጭንም። ሥራዬ የሚጀምረው እነሱ እጃቸውን ታጥበው «የኛ አልቋል፣ የቀረው የኤሌክትሪክ ነው» ሲሉ ነው። ከሚመጡልኝ መኪኖች አብዛኞቹ ፕሮግራም የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው፣ ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ሞተርና ከየትኛው ቁልፍ ጋር እንደሚሄድ ያሰበ ሰው ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ግማሹ ፕሮግራም ሳያደርጉ ስለማለፍ ነው።

የማወራው ስለ ቶዮታ ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነው፣ ከተማችን ውስጥም በየመንገዱ የምታየው እሱን ነው። ምሳሌዬ በፈረንጅ አቆጣጠር 2003 የተሠራ ባለ 1.6 ኮሮላ ይሁን። ያሪስና ቪትዝ የያዘ ሰውም ከጥቃቅን ልዩነት በስተቀር ይጠቅመዋል። ናፍጣዎቹን መጨረሻ ላይ ለብቻ አነሳቸዋለሁ። መኪናህ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ወይም 5ኤል የተጫነበት ሃይስ ከሆነ ግን የነዳጅ ፓምፑ መካኒካል ነው፤ ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር የለውም። እንዲህ ያለ መኪና ላይ «ኮምፒውተሩን እናስተካክልልህ» ያለህ ሰው ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ።

መጀመሪያ አለቃውን ምረጥ

ሁለት ኮምፒውተር አለህ እንበል፤ መኪናው ላይ የነበረውና ከተገዛው ሞተር ጋር የመጣው። የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ወስን።

የሚወጣውና የሚገባው ሞተር ኮድ አንድ ከሆነ፣ ማለትም 3ዜድዜድ-ኤፍኢ ወጥቶ 3ዜድዜድ-ኤፍኢ ከገባ፣ የመኪናህን ኮምፒውተር ከቦታው አትነቅንቀው። ቁልፍህን ያውቀዋል፣ ከሽቦህ ጋር ይገጥማል፣ ከካምቢዮህ ጋር ይግባባል። ኮምፒውተር ሞተሩ ተቀይሮ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያየው ከሴንሰሮቹ የሚመጣለትን ቮልቴጅ ብቻ ነው። የአዲሱ ሞተር ሴንሰር ሶኬት አልገጥም ካለህ ሽቦ አትቁረጥ፤ የድሮውን ሴንሰር ፍታና አዲሱ ሞተር ላይ እሰረው። አብሮ የመጣው ኮምፒውተር መለዋወጫ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ኮዱ ሲለያይ ነው ነገሩ የሚከብደው። እዚህ አገር የሚዘወተረው 3ዜድዜድ አውጥቶ 1ዜድዜድ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው 1598 ሲሲ፣ ሁለተኛው 1794 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት የሁለቱም 79 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ የፒስተኑ መንገድ ላይ ነው፣ 81.5 እና 91.5። ከውጭ ስታያቸው መንታ ናቸው፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢልህ ስለ ብሎኖቹ እውነቱን ነው። ብሎኩ ላይ የተመታውን ኮድ ራስህ በእጅ ባትሪ አብርተህ አንብብ፤ ከላይ ያለው የፕላስቲክ ክዳን ከሌላ ሞተር ሊመጣ ይችላል።

የ1.6ቱ ኮምፒውተር የ1.8ቱን ሞተር ያስነሳዋል ወይ? ያስነሳዋል፣ ይነዳልም። ምክንያቱም ይህ ሞተር የሚያስገባውን አየር የሚለካው በኤር ፍሎው ሴንሰር ነው። የገባው አየር ተመዝኖ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ይታዘዛል፤ የቀረችውን ስህተት ማርሚታው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ያርማታል። ግን ሁለት ነገር ከኮምፒውተሩ ወገን መሆን አለበት፦ ኤር ፍሎው ሴንሰሩና ኢንጀክተሮቹ። አየሩን በማያውቀው ሴንሰር አስለክተህ ቤንዚኑን በማያውቀው ኢንጀክተር ካስረጨኸው ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። ከዚያ ሰውዬው «ቤንዚን በላኝ፣ ጥቁር ጭስ አለው» ብሎ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የእሳት ማስነሻ ጊዜውና የቪቪቲ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው) ሠንጠረዡ የ1598 ሲሲ ነው። ሜዳ ላይ አይታወቅህም። አራት ሰው ጭነህ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን ኮምፒውተሩ ከሠንጠረዡ ጫፍ ያለፈ ጭነት ያነባል፤ ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል፣ የማንኳኳት ሴንሰሩም እሳቱን ወደ ኋላ ይመልስና ጉልበቱ ይወርዳል። እኔን ከጠየቅከኝ፣ በጀቱ ካለህ ኮዱ የተለየ ሞተር ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሽቦውና ከነቁልፉ ይግባ። ከሌለህ ተመሳሳይ ኮድ እስኪገኝ ታገስ። መሃል ላይ ያለው መፍትሔ ይሠራል እንጂ አይመረጥም።

ካምቢዮውን ደግሞ አትርሳ። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ሞተሩንና አውቶማቲክ ካምቢዮውን የሚያዘው አንድ ሳጥን ነው። የማንዋል ኮምፒውተር አውቶማቲክ መኪና ላይ ከሰካህ ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ግን አይቀያየርም።

ሶማሌ ተራ ስትሄድ

ሶማሌ ተራ ሞተር ሲገዛ የሚታየው ዘይቱ፣ ኮምፕሬሽኑና ዋጋው ነው። ለእኔ ሥራ የሚያስፈልገውን ማንም አይጠይቅም፤ ሞተሩ መኪናው ቦንኔት ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ተመልሶ መፈለግ ጣጣ ነው። ስለዚህ ኮዱ የተለየ ሞተር ከሆነ የምትገዛው፣ እዚያው ቆመህ የሚከተለውን ተቀበል።

ኮምፒውተሩን፣ ላዩ ላይ ያለው ወረቀት ሳይላጥ። ቁጥሩ 89661 ብሎ ይጀምርና ከሰረዙ በኋላ አምስት ምልክቶች አሉት። ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ የመኪናውን ዘር ይነግሩሃል፦ 52 የቪትዝና ያሪስ፣ 12 እና 02 የኮሮላ፣ 26 የሃይስ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የገበያውን አገር፣ የካምቢዮውንና የዓመቱን ልዩነት ይይዛሉ፤ «በአንድ ቁጥር ነው የሚለየው» የሚባል ነገር አልቀበልም፣ ያቺ አንዷ ቁጥር ሌላ መኪና ልትሆን ትችላለች። ኮሮላህ ላይ ያለውን ለማየት ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ጉልበት ፊት ያለውን ኪስ አውጣው፤ ከጀርባው ነው። ፎቶ አንሳው፤ ያን ፎቶ ይዘህ ሂድ።

የሞተሩን ሽቦ፣ ሳይቆረጥ። ሞተር የሚያወርዱት ልጆች ቸኩለው በፒንሳ ቆርጠው ይጥሉታል፣ ከዚያ «ሽቦው ይቀጠላል» ይሉሃል። ይቀጠላል፣ ነገር ግን ከስልሳ በላይ ሽቦ አንድ በአንድ ለይቶ መቀጠል የሞተሩን ሩብ ዋጋ ሊያስከፍልህ ይችላል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከቀጠልካቸው አንዱ ውሃ ይጠጣል።

ቁልፉን፣ ከነማስነሻው ሲሊንደርና በዙሪያው ካለው የፕላስቲክ ቀለበት ጋር። አንዳንዱ መኪና ላይ ቁጥሩ በ89784 የሚጀምር ትንሽ ሳጥን አለ፤ የቁልፉን ሚስጥር የሚይዘው እሱ ነው፤ ካለ እሱንም። ኤር ፍሎው ሴንሰሩንና የአየር መቆጣጠሪያውን፤ ቤንዚን መስጫው በሽቦ ገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉንም ጭምር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአውሮፓ የመጣ ኮሮላና ያሪስ ቁልፉን የሚለይ መቆለፊያ ከፋብሪካው አለው፤ አውሮፓ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ ግዴታ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን ብዙዎቹ የላቸውም። በዱባይ በኩል መሪያቸው ዞሮ የገቡትን ስትፈታ የምታየው ይህንን ነው። አንዳንዱ ብልጥ ታዲያ «የጃፓኑን ኮምፒውተር ግዛ፣ ቁልፍ አይጠይቅህም» ይላል። ሶኬቱም ፒኑም አንድ ከሆነ ይሠራል። ሶኬቱ ገብቶ ፒኑ ከተለያየ ደግሞ ኮምፒውተር ታቃጥላለህ። የሁለቱን የፒን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ሳታይ አትሰካ።

ኮምፒውተሩን ከመክሰስህ በፊት

ሞተሩ ገብቷል፣ አልነሳ ብሏል። አሁን ነው ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ ጣቱን የሚቀስረው። ቴስተርህን አውጣ።

ባትሪው ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ ይስጥህ። ከዚያ ማሳውን፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰውን መስመር ተመልከት፤ ሞተር ሲወርድ መጨረሻ የሚፈታው፣ ሲገባ ደግሞ የሚረሳው ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ብሎኩ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርግና ሞቶሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) አስዞር፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካየህ ማሳህ ደካማ ነው። ማሳ የሌለው ሞተር በሴንሰር ሽቦዎች በኩል መሬቱን ይፈልጋል፤ የኮምፒውተር እግር የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ቁልፉን ኦን አድርግና ዳሽቦርዱን እይ። የቼክ ኢንጅን መብራት መብራት አለበት። ካልበራ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘም ማለት ነው፤ ኢኤፍአይ የሚለውን ፊውዝና ሪሌ ሳታይ ሳጥኑን አትክፈት። ከበራና ኮድ የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነሩ፣ ከተገናኘ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ ስለ ሞት የሚወራው ወሬ እዚያ ላይ ይቁም።

መብራቱም ጠፍቶ ስካነሩም አልገናኝ ቢል እንኳ ገና ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ኮሮላ ተጎትቶ መጣ፤ ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሌላ ቦታ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ተብለው ሌላ ሊገዙ ብር ይዘዋል። «ጋሼ፣ ብሩን ኪስዎ ያስገቡትና እዚህ ጥላ ስር ይቀመጡ» አልኳቸው። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚያወጣው 5 ቮልት አለ፤ ቪሲ ይባላል። የአየር መቆጣጠሪያው ሴንሰር ሶኬት ላይ ለካሁት፣ ዜሮ ነው። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ስነቅል ምንም አልተለወጠም፤ ከዚያ የሞተሩን ሽቦ ከብሎኩ ቅንፍ ጀርባ ሳነሳው 5 ቮልቱ ተመለሰ፣ የቼክ መብራቱም በራ። ሲያስሩት ሽቦውን ከብረቱ ጋር አጣብቀውት ነበር። ቪሲ ከማሳ ጋር ሲገናኝ ቶዮታ ኮምፒውተር ፍጹም የሞተ ይመስላል። ይህን ፍተሻ ሳታደርግ ኮምፒውተር የምትገዛ ከሆነ ብርህ ነው፣ አልከለክልህም።

ቀሪዎቹ ፈጣን ናቸው። የኮይሎቹና የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ስለሚመሳሰል ተራቸው ይዘበራረቃል፤ እሳቱ የሚሄደው 1-3-4-2 ነው። ኢንጀክተሩ በቴስተር 14 ኦም አካባቢ፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ያሳይህ። ፒ0335 የሚል ኮድ ከመጣ የክራንክ ሴንሰሩ ነው፤ ሞተሩ ሲገባ ሽቦው ተመትቶ እንደሆነ እይ።

ቁልፉ እምቢ ሲል

ሞቶሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የቁልፍ ወይም የሴኩሪቲ መብራት ቁልፉ ገብቶ ሳለ ብልጭ ብልጭ ማለቷን አልተወችም። ስካነሩ ቢ2799 ወይም ቢ2795 ይላል። አሁን በእርግጥ የማስማማት ሥራ አለ፤ ኮምፒውተሩ ቁልፉን አያውቀውም።

እዚህ ላይ ሊብሬ እጠይቃለሁ። ከማውቀውም ደንበኛ እጠይቃለሁ። ሻንሲውን ከሊብሬው ጋር ሳላመሳክር የማንንም ቁልፍ አላስተምርም፤ የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው የቁልፉ ሚስጥር ያለው በዚያች 89784 ብዬ በጠቀስኳት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኗና የሞተሩ ኮምፒውተር የሚተዋወቁበት የጋራ ኮድ አላቸው። ኮምፒውተሩን ስትቀይር የጠፋው ይህ ትውውቅ ነው፤ ቺፕ መንቀልም ሆነ ፕሮግራመር መግዛት አያስፈልግም። መሪው ሥር ያለውን የስካነር መሰኪያ ፈልግ፤ 16 ቀዳዳ አለው። ቁጥር 4ን እና ቁጥር 13ን በቁራጭ ሽቦ አገናኛቸው። 4 ማሳ ነው፣ 13 ቶዮታ ቲሲ የሚለው። ቁጥር 16 በቀጥታ ከባትሪው የሚመጣ ነው፤ ሽቦህ እሱን ከነካ ፊውዝ ይበላል፣ ስለዚህ ሁለቴ ቆጥረህ አስገባ። የምታውቀውን ቁልፍ አስገብተህ ኦን ላይ አድርገው፣ ሞቶሪኖውን አታስዞር፣ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ዳሽቦርዱ ላይ ብዙ መብራቶች ብልጭ ይላሉ፤ ቲሲ ሲነካ የሚሆን ነው፣ አትደንግጥ። ባትሪህ ደካማ ከሆነ ቻርጀር አብረህ አስር። 30 ደቂቃው ሲሞላ ቁልፉን ዝጋ፣ ሽቦውን አውጣ፣ አስነሳ። መሃል ላይ ትዕግሥት አጥቶ በ20ኛው ደቂቃ የሚዘጋ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

በሁለተኛው ዓይነት፣ በተለይ ቀደም ባሉት መኪኖች፣ ሚስጥሩ ያለው የሞተሩ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። ሰዎች «ቺፑ» የሚሉት በትክክል የሚኖረው እዚህ ነው፤ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ሜሞሪ፣ ላይዋ ላይ 93ሲ56 ወይም 93ሲ66 የሚል ጽሑፍ ያላት። ስለ ቤንዚንና እሳት ያለው ፕሮግራም እሷ ውስጥ የለም፤ እሱ በትልቁ ፕሮሰሰር ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህችን ሜሞሪ ነክቼ «ጉልበት ጨመርኩልህ» የሚልህን አትመን።

ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው። ባትሪውን ንቀል፣ ኮምፒውተሩን አውጣ፣ ክዳኑን ፍታ። ሰሌዳውን በቫርኒሽ ቀብተውት ታገኛለህ፤ በአልኮልና በእንጨት ጫፍ ቀስ ብለህ ከእግሮቹ ላይ አጽዳው። ክሊፕ አስሮ ሳይነቅሉ ማንበብ የሚወዱ አሉ፤ ችግሩ ፕሮግራመሩ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ፕሮሰሰሩንም ያነቃውና ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ይጋጫሉ። እኔ እነቅላለሁ። ነቅለህ ቲኤል866 ወይም ዩፒኤ በመሰለ ፕሮግራመር ላይ አስቀምጣት፣ ትክክለኛውን ስም ምረጥ፣ አንብብ። እንደገና አንብብና ሁለቱን ፋይል አወዳድር። አንድ ካልሆኑ እግሩ በደንብ አልተነካም፤ ሁሉም ኤፍኤፍ ወይም ሁሉም ዜሮ ከሆነም እንዲሁ። 93ሲ56 የሚሰጥህ 256 ባይት፣ 93ሲ66 ደግሞ 512 ነው፤ ሌላ መጠን ካየህ የመረጥከው ስም ስህተት ነው። እነዚህ ሜሞሪዎች በ8 ወይም በ16 ቢት ይነበባሉ፤ ባነበብክበት መንገድ ጻፍ፣ አታቀያይር። ፋይሉን በመኪናው ታርጋና በኮምፒውተሩ ቁጥር ሰይመህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ። ይህን የመጀመሪያ ፋይል ሳያስቀምጥ የሚጽፍ ሰው ኮምፒውተርህን አትስጠው።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። የድሮው ኮምፒውተር በእጅህ ካለና ቁጥሩ ከአዲሱ ጋር አንድ ከሆነ፣ የድሮውን ሜሞሪ ይዘት ወደ አዲሱ ጻፍ፤ መኪናው ምንም እንዳልተለወጠ ቁልፉን ተቀብሎ ይነሳል። ከሁሉም ንጹሑ ይህ ነው። የድሮው ከሌለ ደግሞ የመቆለፊያው ክፍል ብቻ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለስና ኮምፒውተሩ ቁልፍ ለመማር ዝግጁ ይሆናል። የትኛው ባይት እንደሚነካ በኮምፒውተሩ ቁጥር ይለያያል፤ ከቴሌግራም የወረደ «የቶዮታ ንጹሕ ፋይል» ቁጥሩ ካንተው ጋር አንድ ካልሆነ አትጻፍ። ሜሞሪዋን መልሰህ በይድ፤ የአንደኛው እግር ምልክት ወደ ነበረበት ይዙር። ኮምፒውተሩን ሰክተህ ቁልፉን አስገባ፣ የሴኩሪቲዋ መብራት እስክትጠፋ ጠብቅ፤ ሁለተኛ ቁልፍ ካለህ ያኔውኑ ተራውን ስጠው። ትርፍ ቁልፍ በሌላ ቀን ለማስተማር መሞከር ሥራውን በእጥፍ ያሳድገዋል።

መቆለፊያውን ጨርሶ ማጥፋት የሚባል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ትሰማለህ። ይቻላል። መኪናህ ግን ከዚያ በኋላ በቁልፉ ቅርጽ በተቀረጸ በማንኛውም ብረት ይነሳል፤ እኔ አልሠራውም።

ሙሉውን ፕሮግራም መጻፍ

የትልቁን ፕሮሰሰር ፕሮግራም መቀየር ሞተር ከተቀየረ በኋላ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። ቶዮታ ራሱ ለዚያ ኮምፒውተር ያወጣው አዲስ ፕሮግራም ካለ ቴክስትሪም በሚባለው የቶዮታ የራሱ የምርመራ ሶፍትዌር በኩል ይጻፋል። የ3ዜድዜዱን ኮምፒውተር ወደ 1ዜድዜድ ለመለወጥ ከመድከም የ1ዜድዜዱን ኮምፒውተር መግዛት ይረክሳል። የግድ የሚጻፍ ከሆነ ሁለት ነገር ብቻ፦ መኪናው ላይ ሁለተኛ ባትሪ በትይዩ ይታሰር፣ ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ ይሥራ። መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው።

ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣዎች

ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው ነዳጁን ኮምፒውተር የሚያዘው የቶዮታ ናፍጣ ነው። 2ኬዲ እና 1ኬዲ የሚባሉት ሞተሮቹ የተጫኑበት ሃይሉክስና ሃይስ ላይ ቁልፉ ቢያልፍም አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ኢንጀክተሮች አናታቸው ላይ 30 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ተጽፎባቸዋል። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚለይ የሚነግር ነው፤ ኮምፒውተሩም በሲሊንደር ተራ መዝግቦ ይይዘዋል። ሞተር ስትቀይር አዲሱ የራሱን ኢንጀክተሮች ይዞ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ግን የድሮዎቹን ኮድ ይዞ ይቀራል። ውጤቱ ጠዋት ላይ የሚያንኳኳ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያጨስ ሞተር ነው፤ ሰው ይህን ሰምቶ ኢንጀክተር ይቀይራል፣ ገና የባሰ ይሆናል።

ስለዚህ ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ የአራቱን አናት ጠርገህ ፎቶ አንሳ፤ ከገባ በኋላ ቧንቧውና ክዳኑ ይሸፍኑታል። ከዚያ በቴክስትሪም ከ1 እስከ 4 በተራ አስገባ፣ ካስገባህ በኋላ እንደገና አንብበህ አመሳክር፤ ፊደልና ቁጥር የሚያምታታ ብዙ ነው። የሚቀየረው ኮምፒውተሩ ብቻ ከሆነ የድሮው ከመነቀሉ በፊት ኮዶቹን ከውስጡ አንብበህ ጻፍ። የነዳጅ ፓምፑ የመማር ሥርዓትም እዚያው ቴክስትሪም ውስጥ አለ፤ ፓምፑ ከተቀየረ እሱንም አሂደው።

ከተነሳ በኋላ

ኮዶቹን አጥፋና ሞተሩ ቤንዚን ሳትሰጠው በሚኒሞ ይሙቅ፤ ከሞቀ በኋላ ኤሲውን ከፍተህ ትንሽ ጠብቅ። ባትሪ የተነቀለበት ኮምፒውተር ሚኒሞውን እንደገና ይማራል፤ መጀመሪያ ላይ ከፍና ዝቅ ቢል አትፍረድበት።

ደንበኞቼ «ጉልበቱ ቀነሰ፣ ኮምፒውተሩ ነው» የሚሉት ሌላ ነገር አለ። ከጂቡቲ ወይም ከአዳማ ታች የመጣ ሰው በተለይ። አዲስ አበባ 2400 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን የአየር ግፊት የሚለካ) ያለው ሞተር ከያዝክ ቁልፉን ኦን አድርገህ ሞተሩን ሳታስነሳ በስካነር ተመልከተው፤ 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ማሳየት አለበት። እዚህ ቆመህ 100 ካሳየህ ሴንሰሩ ይዋሻል፣ ሞተሩም ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል።

ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ስካነሩን መልሰህ ሰካና ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በቋሚነት ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን፣ አንብብ። በፕላስም በማይነስም እስከ 10 በመቶ ከሆነ ሁሉም ተስማምቷል። ወደ ፕላስ 20 ከሄደና ፒ0171 ካወጣ አየር የሚያስገባ ላስቲክ አለ፤ ከኤር ፍሎው በኋላ ያለውን ቱቦና የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን እይ። ወደ ማይነስ ከሮጠና ፒ0172 ካወጣ፣ ኢንጀክተሮቹ የማን እንደሆኑ ተመልሰህ ጠይቅ።

የሞተሩ ቁጥር ተለውጧል፤ ሊብሬህ ላይ ያለው የድሮው ነው። የተገዛበትን ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀቱን ሻጩ ሳይርቅ ተቀበል፤ ቦሎ ልታሳድስ ስትሄድ ቁጥሩን ባትሪ አብርተው ያነቡታል። የቁጥሩን ፎቶም ሞተሩ ሳይገባ አንሳ፤ ከገባ በኋላ እዚያ ጥግ ስልክ የሚያስገባ እጅ የለም።